የታምሩ ድምፅ፣ ቤሪያ ስድስተኛ ፎቅ

ባለፈው ወር እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ዮቪል ገበያ ውስጥ በቲማቲም ስጨቃጨቅ ነው ነገሩ ሁሉ የጀመረው። ሻጯ የዘወትር ደንበኛዬ ናት፤ ቢሆንም የላላውን ከሥር ከታ ደህናውን ከላይ ስትደረድርልኝ አይቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ስናደድ ዙሉኛውም እንግሊዝኛውም ጥለውኝ ስለሚሄዱ "ኧረ ተይ እባክሽ! እኔ ዓይን የለኝም?" ብዬ በአማርኛ ጮህኩባት። አጠገቤ ሽንኩርት ይመርጥ የነበረ ረጅም፣ ጺማም ጎልማሳ የያዘውን ላስቲክ ለቀቀውና ሽንኩርቱ መሬት ላይ ተንከባለለ። "አንቲ፣ ፕሊስ፣ አሁን ያልሽውን ድገሚው" አለኝ። እዚህ ያደጉ ልጆች አንቱታ ብሎ ነገር አያውቁም፤ እኔም አልቀየምም። "ስለ ቲማቲሙ?" አልኩት። "ኖ፣ ድምፁን! ድምፁን!" አለና ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ ያ ሁሉ ጺም ያለው ሰውዬ ገበያው መካከል አንገቱን ቀና አድርጎ፣ "ደብዳቤ አለኝ! ባሕሩ ቢቆጣም ደብዳቤ አለኝ! በር ክፈቱ!" ብሎ ለቀቀው። ሻጯ "ሃው!" አለች። ይህን ቃል ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት፣ ቤሪያ ሰፈር ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ በገዛ አፌ የፈጠርኩት እኔ ነኛ! "አንተ የማን ልጅ ነህ?" አልኩት። "ናቲ ነኝ። የአምስተኛ ፎቁ ናቲ፣ የፊት ጥርስ ያልነበረኝ።" አቅፌው ገበያው መካከል ጮህኩ፤ ቲማቲሙንም ረስቼው መጣሁ።

ቤሪያ ያኔ! አሁንም በዚያ ሳልፍ ልቤ ይዘላል። ከሂልብሮው የሚመጣው መንገድ ጠርዝ ላይ ፀጉር የሚሠሩ የኮንጎ ሴቶች ነበሩ፤ ከእነሱ ቀጥሎ የተጠበሰ በቆሎ፣ ከበቆሎው ቀጥሎ ካሴት የሚሸጥ ናይጄሪያዊ፣ ከዚያ የእኛ ሕንፃ። ታክሲዎቹ ክዋይቶ የሚሉትን ሙዚቃ ለቀው ሲያልፉ የስድስተኛ ፎቅ መስኮታችን ይንቀጠቀጥ ነበር። ዳቦ ሦስት ራንድ አይሞላም። ወንዶቹ ሁሉ ስፖቲ የሚሏትን ክብ ባርኔጣ እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ይሄዳሉ። እኔም ብሆን የምተናነስ አልነበርኩም፤ ነጭ ሸራ ጫማዬን በጥርስ ብሩሽ አጥቤ፣ ሽንሽን ጉርዴን ለብሼ ስወርድ የሕንፃው ዘበኛ "ሄይታ፣ ማማ!" ብሎ ከወንበሩ ይነሳልኛል። አሳንሰሩ ይሠራል የሚባል ወሬ ብቻ ነበር። በአንድ አፓርታማ ሦስት ቤተሰብ በመጋረጃ ተካፍለን እንኖራለን፤ መጋረጃውን የሰፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ባለቤቴ ኤርጊቾ የአልጋ ልብስና ቀበቶ ተሸክሞ፣ ሎኬሽን የምንላቸውን ከከተማው ወጣ ያሉ የጥቁሮች ሰፈሮች እየዞረ ይሸጣል፤ እኔ ቤት ተቀምጬ እሰፋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቶቹ ሥራ ሲወጡ ልጆቻቸውን የሚያስቀምጡት እኔ ዘንድ ነበር። አሥራ ሁለት ልጅ! አሥራ ሁለቱም በእንግሊዝኛ ይጣላሉ፣ በዙሉኛ ይታረቃሉ። ወላጆቻቸው ሀዲያ፣ ከምባታ፣ ወላይታ ናቸው፤ ቤት ውስጥ የየራሳቸውን፣ ደረጃ ላይ ሲገናኙ አማርኛ ያወራሉ። ልጆቹ ከአማርኛው ያላቸው ግን "ና" እና "ተው" ብቻ ነበር። እሑድ ቸርች ውስጥ ስብከቱ በአማርኛ ሲጀመር ሁሉም ተደጋግፈው ያንቀላፋሉ።

አንድ ቀን ኤርጊቾ ከሮኪ ጎዳና አንድ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። አገሩ ሊመለስ ዕቃውን የሚሸጥ ጃፓናዊ ተማሪ አግኝቶ ቪዲዮ ማጫወቻ ሲገዛው፣ ልጁ ካሴቶቹን መርቆለት ነው። ካሴቶቹ ላይ የተጻፈው ጃፓንኛ ስለነበር የፊልሙን ስም ማወቅ አልቻልንም። ስንከፍተው ካርቱን ነው፤ ብርቱካንማ ኮፍያ ያደረገ ልጅ በትንሽ ጀልባ ከደሴት ደሴት እየዞረ ለሰዎች ደብዳቤ ያደርሳል። ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያልፋል። ልጆቹ ገና ማንበብ አይችሉም፤ ቢሆንም አፋቸውን ከፍተው ያዩት ነበር። እኔን የያዘኝ ግን የልጁ ድምፅ ነው። ያ ድምፅ! ከሆድ ነው የሚወጣው፤ ትንፋሹን ከየት እንደሚያነሳው፣ የት እንደሚያሳርፈው፣ ሁሉም ይታወቀኛል። "ኤርጊቾ፣ ይሄ ወንድ ልጅ አይደለም፤ ትልቅ ሴት ናት። ደግሞ መድረክ ላይ ያደገች ሴት ናት!" አልኩት። ከት ብሎ ሳቀብኝ።

እኔማ ከመድረኩ ሠፈር ነኝ፣ እንዴት አላውቅም! ልጅ ሆኜ ሆሳዕና ኪነት ውስጥ ነበርኩ፤ በዚያ ዘመን ኪነት የሌለው ቀበሌ አልነበረም። ከዚያ አዲስ አበባ፣ አንድ ትልቅ ቲያትር ቤት ለሥልጠና ላኩኝ። አዘጋጁ ወለሉን በዱላ እየመታ "የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ሰውም ትኬት ገዝቷል!" ይለን ነበር። ከሆድ መተንፈስ፣ ሳይጮኹ መሰማት፣ ሲሞቱ በሙሉ ሰውነት መሞት፤ ሁሉንም ተማርኩ። ዋና ገጸ ባሕርይ ሆኜ ለመጫወት ግን አልታደልኩም። "ብርቅነሽ፣ ድምፅሽ ወርቅ ነው" አለኝ አዘጋጁ፣ "አነጋገርሽ ግን ከየት እንደመጣሽ ያሳብቃል። ንግሥት እንዲህ አትናገርም።" አፌን የፈታሁት በሀዲይኛ ነው፤ አማርኛዬ የእሱን ዜማ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ታዲያ ምን ላድርገው! ስለዚህ ከመጋረጃ ጀርባ አስቀመጡኝ። አራት ዓመት ሙሉ የሚያለቅስ ሕፃን፣ የሚጮህ ጅብ፣ የሚያጉረመርም ሕዝብ ሆንኩ። ተመልካች አንድም ቀን ፊቴን አላየም። ያቺ የአዘጋጁ ቃል ውስጤ ተቀምጣ ቀረች፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰው ፊት ቆመሽ በአማርኛ ተናገሪ ስባል እምቢ እል ነበር።

ልጆች ፊት ግን ማን ያፍራል? በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ ጀመርኩ። በሳምንቱ ውስጥ ኤርጊቾ ካሴቱን እያቆመ እንግሊዝኛውን ያነብልኛል፤ እኔ ወደ አማርኛ መልሼ በልብስ መቁረጫ ወረቀት ጀርባ ላይ እጽፈዋለሁ። ልጁን ታምሩ አልኩት። ቅዳሜ ሲደርስ የቴሌቪዥኑን የድምፅ መዘውር በግራ እጄ እይዛለሁ፤ ታምሩ አፉን ሲከፍት ድምፁን አጥፍቼ እኔ እናገራለሁ፣ ሲስቅ ወይም ሲያለቅስ መልሼ እከፍተዋለሁ። የዚያችን ሴት ሳቅ የሚተካ ሳቅ አልነበረኝማ! ስለዚህ የታምሩ ቃል የኔ፣ ሳቁ የጃፓኗ ነበር። የደሴቶቹን ሕዝብ ድምፅ ደግሞ ለልጆቹ ሰጠኋቸው። ኪነት ውስጥ እንደተለማመድነው አድርጌ፣ መስመር በመስመር፣ እኔ እላለሁ እነሱ ተቀብለው ይደግማሉ፣ ካልጣመኝ እንደገና። እኔ "በር ክፈቱ!" ስል አሥራ ሁለቱ "ማነው በዚህ ማዕበል?" ይላሉ። "ታምሩ ነኝ!" "ምን ይዘህ መጣህ?" "ከልጃችሁ ደብዳቤ!" ናቲ ጥርስ ስላልነበረው "ማዕበል" ሲል ምራቁ ቴሌቪዥኑ ላይ ይረጫል። ሦስት ወር ሳይሞላ እናቶቹ ጉድ አሉ፤ አንዷ የአምስት ዓመት ልጅ ደረጃ ላይ ቆማ እናቷን "ባሕሩ ጸጥ ብሏል፣ አሁን መሄድ እንችላለን" ብትላት እናቷ ዘንቢሏን ጣለች።

አንድ ቅዳሜ ግን ጉድ ሠራሁ። ለታምሩ ጀልባ መቅዘፍ ያስተማሩት ሽማግሌ የሚሞቱበት ክፍል ደረሰ። ሽማግሌውም እኔው ነኝ። መድረክ ላይ ያደገ ሰው ተቀምጦ መሞት አይችልም! መዘውሩን ለቅቄ ተነሳሁ፣ ደረቴን ያዝኩ፣ "ታምሩ… መቅዘፊያውን… አደራ!" ብዬ አዲስ አበባ ድረስ የሚሰማ ጩኸት ጮህኩና ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ። ልጆቹ በአንድ ጊዜ ለቅሶውን አቀለጡት። ከታች ያሉት ሰው ተገደለ ብለው ዘበኛውን ጠሩ። ዘበኛው በሩን በትከሻው ገፍቶ፣ ዱላውን ይዞ ሲገባ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ተዘርሬአለሁ፣ አሥራ ሁለት ልጅ ያነባል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ተጋድመዋል። "ማማ! ማማ፣ ማን ነው የመታሽ?" ይላል። ልነሳ ነበር፤ ግን ትዕይንቱ አላለቀማ! መጋረጃ ሳይዘጋ ዓይኑን የሚገልጥ ሬሳ ቲያትር ቤታችን ውስጥ ያለበትን ስድብ እኔ ነኝ የማውቀው። ዘበኛው ውሃ ሲደፋብኝ ነው ከሞት የተነሳሁት። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ አማርኛውን አንድም ቃል ሳይሰማ፣ በሩ ላይ ቆሞ አብሮን ያይ ነበር።

ከቸርችም አንድ ሽማግሌ መጡ። "እህት ብርቅነሽ ለልጆቹ ርኩስ ነገር ታሳያለች ተብሎ ተነግሮናል" ብለው ቆጣ ብለው ተቀመጡ። አንዱ ካሴት እስኪያልቅ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም። ሲነሱ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ "ለመሆኑ ያ ደብዳቤ ለእናቲቱ ይደርሳል ወይስ አይደርስም?" አሉኝ። "ይደርሳል አባቴ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ" አልኳቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከልጆቹ ቀድመው ተገኙ።

ሁለት ዓመት ያህል ዘለቅን። ከዚያ አንዱ ሲነሳ ሌላው እየተከተለ ሁሉም ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ ሱቅ ሊከፍት ወደ ሎኬሽን ወጣ፤ ልጆቹም ከየወላጆቻቸው ጋር ተበተኑ። እኛም ቶኮዛ የሚባል ሎኬሽን ገብተን፣ ከሽቦ መስኮት ጀርባ ዳቦና ሳሙና ሳቀብል ሃያ ዓመት አለፈ። ከመጋረጃ ጀርባ ወደ ሽቦ ጀርባ፤ ዕድሌ ነው ብዬ ስቄ ተውኩት። ካሴቶቹ በዕቃ ማጓጓዙ መካከል የት እንደቀሩ እንጃ። ዮቪል የተመለስነው ሱቁን ለኤርጊቾ ወንድም ከለቀቅን በኋላ ነው።

እና ወደ ናቲ ልመለስ። በማግስቱ ቤታችን መጣ፤ ስልኩ ውስጥ ያንኑ ፊልም ይዞ! ኢንተርኔት ላይ ሲፈልገው ዓመት ፈጅቶበታል። "አንቲ፣ የታምሩን ድምፅ የሠራችው ሃሩኮ ትባላለች። ኦልድ ሌዲ ናት፣ ከሰባ ዓመት በላይ። ቲያትር ነው የተማረችው" ሲለኝ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። "ሴት ናት አላልኩም? ኤርጊቾ፣ የመድረክ ሰው ናት አላልኩህም?" ኤርጊቾ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ናቲ ግን አልጨረሰም። "ሺ ኢዝ ካሚንግ ሂር! እዚህ፣ ጆበርግ! የካርቱን ሾው አለ። ልጆቹን ሁሉ አግኝቻቸዋለሁ። አንቺም መጥተሽ ስቴጅ ላይ ታምሩን በአማርኛ ትይልናለሽ።" ደስታዬ በአንድ ጊዜ በረደ። "ናቲዬ፣ ድምፄ አርጅቷል" አልኩት። "ደግሞ በዚህ አማርኛዬ ሰው ፊት አልቆምም።" "በየትኛው አማርኛ?" "በዚህ በምትሰማው።" "ምን ሆነ?" አለኝ ከልቡ ግራ ገብቶት። እመጣለሁ፣ አፌን ግን አልከፍትም ብዬ አስጠነቀቅኩት። እሱ ግን ጥርሱን ገልጦ ሳቀ እንጂ እሺ አላለኝም።

ሾው የሚታይበት አዳራሽ ከከተማው ሰሜን ነው። እግዚኦ ወጣት! ሁሉም የካርቱን ሰው መስሎ ለብሷል፤ ሰማያዊ ፀጉር፣ የካርቶን ሰይፍ፣ ክንፍ ያለው፣ ጅራት ያለው። እኔ ጥለት ያለው የሀገር ልብሴን ለብሼ ነበር፤ ሐምራዊ ዊግ ያደረገች ልጅ ሮጣ መጥታ በእንግሊዝኛ "ዋው፣ ከየትኛው ካርቱን ነሽ?" አለችኝ። "ከሆሳዕና" አልኳት። ፎቶ አብራኝ ተነሥታ፣ አመስግና ሄደች። ኤርጊቾ ሳቁን መያዝ አቅቶት ግድግዳ ተደገፈ። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ መጥተው ነበር፤ ነርስ የሆነች፣ መኪና የሚጠግን፣ ልጅ ያዘለች። "አንቲ ብርቄ!" እያሉ ተንጠለጠሉብኝ። አብሬያቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ሃሩኮ መድረክ ላይ ወጡ። አጭር ናቸው፤ ነጭ ፀጉር፣ ድምፅ የማያሰማ ጠፍጣፋ ጫማ። ጃፓንኛቸውን አንዲት አስተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ናቲ ደግሞ በጆሮዬ ወደ አማርኛ። ትንሽ የቲያትር ቡድን ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ የተሰጣቸው መድረክ መጥረግ ነበር፤ ቀጥሎ የፈረስ የኋላ እግር ሆኑ፤ ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ከዚያ ወንድ ልጅ ሆነው መጫወት ጀመሩ። መድረኩ እንጀራ ስላልሆነላቸው ጓደኛቸው ካርቱን ወደሚቀዳበት ስቱዲዮ ወሰደቻቸው። አንድ ክፍል ውስጥ አሥራ አምስት ተዋናይ፣ አራት ማይክሮፎን! ተራው የደረሰ እግሩ ሳይሰማ ቀርቦ ይናገርና ለሌላው ይለቃል፤ ወረቀት ሲገለጥ ድምፅ አያሰማም፤ የሚንኮሻኮሽ ልብስ የለበሰ አይገባም። "በመጀመሪያው ቀን የሚሞት ልጅ ሰጡኝ" አሉ። "እኔም ሞትኩ። ወለሉ ላይ ወደቅሁ። ማይክሮፎኑ የቀዳው ግን የጉልበቴን ድምፅ ብቻ ነበር።" አዳራሹ ፈገግ አለ፤ የኔ ሳቅ ግን አምልጦኝ ጣሪያውን መታው። የመድረክ ሰው ብቻ የሚሠራው ስህተት ነዋ! ሃሩኮ ዘወር ብለው አዩኝ። እግራቸውን ተክለው በድምፅ ብቻ መሞትን ለመልመድ ዓመታት ፈጀባቸው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ዛሬ ድረስ፣ አያት ሆነው እንኳ፣ የወንድ ልጆች ድምፅ ናቸው።

አንድ ወጣት በጣም የከበደዎት ምንድን ነው ብሎ ጠየቃቸው። "የመጣሁት ከሰሜን፣ በረዶ ከሚበዛበት የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው" አሉ። "ቲያትር ቤቱ፣ አነጋገርሽ መንደርሽን ያሳብቃል አለኝ። እርሳስ በጥርሴ ነክሼ ዓመት ሙሉ ተለማመድኩና ጠፋ። ቤቴ ስመለስ እናቴ፣ ከከተማ የመጣች እንግዳ መሰልሽኝ አለችኝ። እናቴ ካለፈች በኋላ ያንን አነጋገር ልመልሰው ስንት ጊዜ ሞከርኩ። የፈለጋችሁትን ልጅ ድምፅ እሠራላችኋለሁ፤ የእናቴን መንደር ግን አልችልም።" ናቲ ይህን ሲያንሾካሹክልኝ ክንዱን ጨምድጄ ይዤው ነበር። አንጀቴን በሉት። ለእኔም እርሳስ የሰጠኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እነክስ ነበር፤ በደስታ እነክስ ነበር።

ገና ከዚህ ሳልወጣ ናቲ ብድግ ብሎ ማይክሮፎኑን ተቀበለ። በእንግሊዝኛ ሁሉንም አወራላቸው፤ ካሴቱን፣ መዘውሩን፣ ስድስተኛ ፎቁን። "ናቲ፣ እገልሃለሁ!" እላለሁ እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጎትቼ። ሃሩኮ ከወንበራቸው ተነሡና ወገባቸውን ሰብረው እጅ ነሱኝ። ለእኔ! ከዚያ በእጃቸው ነይ አሉኝ። መድረኩ ላይ ወጣሁ። ከኋላችን ባለው ሰፊ መጋረጃ ላይ ታምሩ ድምፅ አልባ ሆኖ በማዕበሉ መካከል ይቀዝፋል። ያ ሁሉ ሰው ያየኛል፤ ፊቴን ያየኛል። የአዘጋጁ ቃል ከነዱላው መጣብኝ። ሃሩኮ እጄን ያዙ። ታምሩ አፉን ከፈተ፤ እኔም ከፈትኩ። "ደብዳቤ አለኝ! ባሕሩ ቢ…" ብዬ ድምፄ መሃል ላይ ተሰነጠቀና ቆመ። በቃ፣ ታምሩን በልጆቹ ፊት ገደልኩት አልኩ።

"ማነው በዚህ ማዕበል?"

ከሦስተኛው ረድፍ ነው። ዘጠኙም ቆመዋል። "ታምሩ ነኝ!" አልኩ፤ ድምፄ ከሆዴ ተነሥቶ ወጣ! "ምን ይዘህ መጣህ?" "ከልጃችሁ ደብዳቤ!" "በሩን ክፈቱለት! እሳት አንድዱለት! ልጃችን ምን አለ?" እያሉ፣ እኔ የረሳሁትን ሁሉ እነሱ እያስታወሱኝ ትዕይንቱን እስከ መጨረሻው ወሰድነው። ታምሩ የሚስቅበት ቦታ ሲደርስ እኔ ዝም አልኩና ሃሩኮ ሳቁ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እንባዬ ይወርዳል፣ እኔ ደግሞ እስቃለሁ።

ሃሩኮ ግን ጭብጨባውን አልሰሙም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ልጆቹ ጆሯቸውን ሰጥተው ነበር። ሲገልጡ በአስተርጓሚዋ በኩል ጠየቁኝ፤ "ሁሉም የአንቺ መንደር ልጆች ናቸው?" "አይደሉም" አልኩ። "አንዱ ከምባታ ነው፣ አንዷ ወላይታ፣ ሁሉም እዚሁ ጆሃንስበርግ ነው ያደጉት።" ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ቋንቋውን አላውቀውም። ግን የሁሉም ዜማ አንድ ነው፤ ያንቺ ነው።"

ወደ ልጆቹ ዞርኩ። "እስቲ ድገሙት" አልኳቸው። "ማነው በዚህ ማዕበል?" አሉ፤ ነርሷም፣ መካኒኩም፣ ጺማሙ ናቲም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ጊዜ ሰማሁት። ያ ንግሥት አትናገረውም የተባለው አማርኛ ከዘጠኝ አፍ፣ ከነሆሳዕናው፣ ከነሀዲይኛው ዜማ፣ አንዳችም ሳይጎድል፣ አንዳችም ሳያፍር መጣ። ሌላ አማርኛ ኖሯቸው አያውቅም፣ ለእነሱ አማርኛ ማለት ይሄ ነው። አልጠገብኩም፤ ሦስተኛ አስደገምኳቸው።